እጁ ነው ወይስ መሪው?

ባለፈው ጥምቀት ጎባ የሄድኩት በዓሉን ከቤተሰቤ ጋር ለማክበር እንደሆነ ለሥራ ባልደረቦቼ ተናግሬ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የተላክሁት ከአባቴ እጅ የመኪና ቁልፍ እንድቀበል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ካቻምና ክረምት ቀለል ያለ ስትሮክ መትቶት ግራ እጁ ዝሎ ነበር። ሕክምና ቶሎ ስለደረሰለት፣ እሱም የታዘዘለትን እንቅስቃሴ አንድ ቀን ሳያጓድል ስለሠራ፣ በስድስት ወር ውስጥ ሸሚዙን መቆለፍ፣ ጫማውን ማሰር ቻለ። መኪናውንም ቀስ እያለ ጀመረ። ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ጎባ፤ አስራ ጥቂት ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። መስከረም ላይ ግን እናቴ ለታላቅ እህቴ በስልክ ሹክ አለቻት። «አባታችሁ መሪውን ማዞር እያቃተው ነው። ከግቢ ሲወጣ ሁለት ሦስቴ ቆም እያለ ነው የሚያዞረው። እኔ ሳየው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ያስመስላል።»

እህቴ ለእኔ ነገረችኝ፤ እኔ ውጭ አገር ላለው ወንድማችን። ሦስታችን በስልክ ሸንጎ ተቀመጥንና ተከሳሹ በሌለበት ፈረድን። ወንድሜ «ሰው ገጭቶ ዕድሜ ልኩን ከሚጸጸት እኛን ቢቀየመን ይሻላል» አለ። እህቴ አለቀሰች፤ ግን ተስማማች። ቁልፉን የምቀበለው፣ መኪናውንም የምሸጠው እኔ እንድሆን ተወሰነ። «የመጨረሻ ልጅ ነህ፣ አንተን አይቆጣህም» ነው ምክንያቱ። የመጨረሻ ልጅ መሆን ጥቅሙ ብዙ ነው ሲባል የምሰማው ነገር እንዲህ ያለውን ሥራ አይጨምርም መሰለኝ።

አባቴን ለማታውቁት ይህ ፍርድ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። አባቴ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። የባሌን ስንዴ ጭኖ በዶዶላና በሻሸመኔ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ፣ ሲመለስ ደግሞ ጨውና ቆርቆሮ የሚያመጣ ሾፌር ነበር። «ኤንትሬ» የምንለውን የፊያት መኪና ነበር የሚነዳው። የእሱ ኤንትሬ «ፓወር» የሚባል ነገር አልነበረውም። መሪው የምጣድ ስፋት ነበረው፤ ቆሞ ለማዞር ክንድ ብቻ ሳይሆን ጀርባና እግርም ይጠይቅ ነበር። ትከሻው እስካሁን ድረስ ሰፊ የሆነው በዚያ ምክንያት እንደሆነ ያምናል። ጡረታ ሲወጣ ባጠራቀማትና ልጆቹ ባዋጣናት ገንዘብ አሮጌ ኮሮላ ገዛ። የመጀመሪያውን ወር እንግዳ በመጣ ቁጥር ግቢ ውስጥ መኪናውን አስነስቶ መሪውን በአንድ ጣት ሲያዞር ያሳይ ነበር። «እዩት! በአንድ ጣት!» ይላል። እንግዳው ቡናው እየቀዘቀዘበት ያያል።

ጎባ በገባሁ ማታ ምንም አልተናገርኩም። ቁልፉ እንደ ወትሮው በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። በነገታው እነግረዋለሁ ብዬ ተኛሁ። በነገታው ግን ጎሕ ሳይቀድ ስልክ ተደወለ። የአባቴ የድሮ ረዳት፣ በኤንትሬው ዘመን አብሮት እሾህና ጭቃ ያየ ሰው፣ ሪራ ላይ ማረፉ ተነገረን። ሪራ ከሳነቴ ወዲያ ማዶ፣ ሐረና ደን አፋፍ ላይ ያለች መንደር ናት። ሰውየው ሥራ ከተወ በኋላ እዚያ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ማር ይቆርጥ ነበር፤ ለበዓል በበዓል ይልክልን ነበር።

አባቴ ጋቢውን ደርቦ «እንሄዳለን» አለ።

«እኔ ልንዳ» አልኩት።

ቁልፉን ከምስማሩ አንስቶ ያለ አንድ ቃል ሰጠኝ። ልደሰት ይገባኝ ነበር፤ የተላክሁበት ጉዳይ በራሱ ተፈጸመ ማለት ነው። ግን ሆዴ ባባ። አባቴ መሪ ለሰው የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ከግቢ ስወጣ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት። ከኮፈኑ ሥር «እምምም» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ጥጃዋ የተወሰደባት ላም ይመስላል። አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «ብርድ ነው» አለ። በጥር ጠዋት ጎባ በእርግጥም ብርድ ነው፤ ከተማዋ ያለችው 2700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እኔም አመንኩት።

ከጎባ ወደ ሳነቴ ያለውን አቀበት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የጥድና የኮሶ ዛፍ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ድንገት ሰማይና ድንጋይ ብቻ። መንገዱ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በአፍሪካ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬዱ መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል። በስተምዕራብ ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ 4377 ሜትር፣ በአገራችን ካሉት ከፍተኛ ተራሮች አንዱ። ጅብራዎቹ እንደ ዘብ ተራርቀው ቆመዋል። አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ጆሮዎቹን አቁሞ ፍልፈል ያደባል፤ ለእኛ ዘወር ብሎም አላየ። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእነዚህ ተራሮች ላይ ነው የሚኖሩት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ሊያያቸው የሚመጣው እንግዳ መበርከቱን እናቴ ከኋላ ወንበር ትነግረኝ ነበር። ለእህቴ ልጆች ከአዲስ አበባ ያመጣሁትና ሳላወርደው የቀረ የድንች ቺፕስ ከረጢት እዚያው ከጎኗ ተነፍቶ ኳስ ሆኗል። ያን ከረጢት አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሜዳው ላይ መሪው ደህና ነበር። ሳነቴ አልቆ መንገዱ ወደ ሐረና መውረድ ሲጀምር ግን ነገር ተበላሸ። ያ ቁልቁለት እጥፍጥፍ ነው፤ አንዱን መታጠፊያ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል፤ ከታች ደግሞ ጉም ይወጣል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ በዝግታ እየወረድኩ የመጀመሪያውን እጥፋት ስገባ መሪው ያዘኝ። ገፋሁት፤ እምቢ አለ። አሁንም ስገፋው ድንገት ለቀቀና መኪናዋ ወደ ውስጥ ተወረወረች። ሁለተኛው እጥፋት ላይም እንዲያው። ሲይዝ ይይዛል፣ ሲለቅ ባንድ ጊዜ ይለቃል። ከኮፈኑ ሥር ላሚቱ ታቃስታለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሁለቱም እጆቼ ጤነኛ ናቸው፤ በዚያ ብርድ ላይ ግን ጀርባዬ በላብ ራሰ።

ሰፋ ያለ ቦታ ስደርስ አቆምኩ።

«አባባ፣ መሪው ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ዝም አለ። ቆይቶ ፊቱን ወደ እኔ መለሰና እንዲህ አለኝ፦ «አንተንም ከበደህ?»

«በጣም እንጂ!»

«እጄ መስሎኝ ነበር» አለ።

ከዚህ በኋላ የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ነሐሴ ላይ የመሪው ዘይት ጠብ ጠብ ሲል አይቶ መኪናዋን አንድ ጋራዥ አስገብቷል። ቱቦ ተቀየረላት፣ ዘይት ተሞላላት፣ «ጨርሰናል» ተባለ። መሪው መክበድ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ግን ቀን በቀን ስለሆነ፣ አንድ ቀን ደህና አንድ ቀን ክፉ ስለሆነ፣ መኪናውን አልጠረጠረም። ራሱን ጠረጠረ። ሕመሙ እየተመለሰ መስሎት በየሌሊቱ እየተነሳ ሁለት ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ በግራ እጁ ሲያነሳና ሲያወርድ ከርሟል። ለማንም አልተናገረም። ከተናገረ ቁልፉን እንደምንቀማው ያውቃል። እናቴ ከኋላ «ለዚህ ነው እንዴ ሌሊት ሌሊት ወጥ ቤት የምትገባው?» አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

እንዴት እንደወረድን አትጠይቁኝ። በሰው እርምጃ ነው የወረድነው። ለቅሶ ደርሰን እዚያው አደርን። በማግስቱ ጠዋት ኮፈኑን ስንከፍት ከደሎ መና የሚመጣ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ቀረበና የመሪውን ዘይት ዕቃ ክዳን ፈታ። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ወተት የገባበት እንጆሪ ጭማቂ መስሏል፤ ከላዩ እንደ ጠላ አረፍቷል፤ መጠኑም ከዝቅተኛው ምልክት በታች ነው። «አየር ስቧል» አለ ሾፌሩ። ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከመኪናው አውጥቶ ሞላልንና ገንዘቡን እምቢ አለ። ለቅሶ ለመጣ ሰው አይከፈልበትም ብሎ ነው።

ጎባ ስንመለስ መኪናዋን ወደ ጋራዥ አልወሰድናትም። ጎረቤታችን የሆኑ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከኮፈን ሥር አይጎነበሱም፤ ዱካ አስቀርበው በከዘራቸው እየጠቆሙ ያሠራሉ። አማርኛና ኦሮምኛውን እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። አባቴ የሆነውን ሲነግራቸው ሳቁና ከእናቴ እጅ አንድ ባዶ ሃይላንድ ተቀበሉ። አፉ ድረስ ውኃ አስሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ለአባቴ ሰጡት። «ጭመቀው» አሉት። አልተጨመቀም። ግማሹን ደፉና እንደገና ከደኑት። «አሁንስ?» ገባ ወጣ አለ።

«ይኸው ነው» አሉ። «ፈሳሽ አይታመቅም፤ የገፋኸውን ያህል ይገፋልሃል። ቂሌንሳ ግን ይታመቃል።» ቂሌንሳ በኦሮምኛ አየር ነው።

ለሚፈልግ አንባቢ አሠራሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ሞተሩ በቺንጋ አንድ ትንሽ ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ ዘይቱን ከዕቃው ስቦ በከፍተኛ ግፊት ወደ መሪው ጥርሶች ይልከዋል፤ እናንተ መሪውን ስታዞሩ ጎማውን የሚገፋው ያ ዘይት ነው። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1926 ይህን አሳይቶ ነበር፤ ገበያ ላይ የዋለው ግን ቆይቶ በ1951 ክራይስለር ኩባንያ ኢምፔሪያል በሚባለው መኪናው ላይ ሲገጥመው ነው። ዘይቱ ውስጥ አየር ሲገባ ፓምፑ የሚገፋው ግማሹን አረፋ ይሆናል። አረፋው ይታመቃል፤ መሪው ይከብዳል፤ የታመቀው ባንድ ጊዜ ሲፈታ ደግሞ መሪው ይለቃል። ጎማና መሪ በብረት የተያያዙ ስለሆኑ መኪናው ጨርሶ አይታዘዝም ማለት አይደለም፤ ግን ሐረና ቁልቁለት ላይ «ጨርሶ» የሚለው ቃል ብዙም አያጽናናም።

አሁን ወደ ቺፕሱ ከረጢት ልመለስ። ከረጢቱ ሳነቴ ላይ የተነፋው አየር ስለተጨመረበት አይደለም፤ ከውጭ የሚጫነው አየር ስለቀነሰ ነው። 4000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ካለው ስድሳ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዘይቱ ውስጥ ያሉት አረፋዎችም እንደ ከረጢቱ ያብጣሉ። ከዚህም ሌላ ፓምፑ ዘይት «ሳበ» እንላለን እንጂ ዘይቱን ከዕቃው ወደ ፓምፑ የሚገፋው ከላይ የሚጫነው አየር ነው፤ እሱ ሲሳሳ ፓምፑ ይራባል። ጎባ ላይ የሚያቃስት መሪ ሳነቴን ተሻግሮ የሚይዘው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አባቴ ይህን ሲሰማ «የእኔ እጅ እንግዲህ ስንት ሜትር ላይ ነው የሚሠራው?» አለ። ከሰነበትን በኋላ የመጀመሪያው ቀልዱ ነበር።

ሽማግሌው ጠዋት እንዳንጀምር ከለከሉን። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ በወፈረ ዘይት ውስጥ አረፋ ወደ ላይ የሚወጣው ተጎትቶ ነው። ፀሐይ እስክትሞቅ ቡና ጠጣን። ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። አየር ማስወጣት ከመጀመር በፊት የገባበትን ቀዳዳ ማግኘት ይቀድማል፤ አለዚያ ውኃ በወንፊት ነው። ከዘይቱ ዕቃ ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ወፍራም ቱቦ በከዘራቸው ነኩና «ፋሼታውን አጥብቀው» አሉኝ። ካቻቢቴ አምጥቼ ስነካው ፋሼታው በጣቴ ተሽከረከረ። ቱቦውን አዲስ አድርገው ያሰሩት በአሮጌው ፋሼታ ነበር። ይህ ቦታ ተንኮለኛ ነው አሉ ሽማግሌው፤ ፓምፑ የሚስብበት በኩል ስለሆነ ሞተሩ ሲሠራ አየር ያስገባል እንጂ ዘይት ብዙም አያፈስስም። መሬት ላይ ጠብታ ስላላየ አባቴ መኪናውን ነፃ ያወጣው፣ ራሱን የወነጀለው፣ በዚህ ነው።

አዲስ ፋሼታና ሁለት ሊትር ቀይ ዘይት ከሮቤ አስመጣን። ዘይቱን ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብበን ነው የገዛነው፤ ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አይወስድም። የፍሬን ዘይት እዚያ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ፣ ጎሚኒዎቹን እንደሚበላቸው ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ነግረውናል። አሮጌውን ዘይት በመርፌ መድፊያ መምጠጫ ከዕቃው መጠጥን፤ አዲሱን ሞላን። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍን፤ ፊቷን በክሪክ አነሳናት፤ ከዚያ አባቴ ራሱ ሁለት ወፋፍራም ግንድ ከሥር አስገባ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ገብተው ያልወጡ ሰዎችን ያውቃል። ድንጋይም አይሆንም ይላል፤ ድንጋይ ሳይናገር ይሰነጠቃል።

ጎማዎቹ ከመሬት ከተነሱ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ማዞር ነው ሥራው። ጥርሶቹ ውስጥ የተደበቀው አየር በዚህ ተገፍቶ ወደ ዕቃው ይወጣል። ሞተር አስነስቶ ወዲያው ማዞር፣ ያ ጋራዥ አድርጎት ሊሆን እንደሚችለው፣ አየሩን ከዘይቱ ጋር መምታት ነው፤ እንደ እንቁላል። አንዴ ከተመታ ደግሞ አረፋው እስኪከስም ሰዓታት ይፈጃል። እንግዲህ አንድ ሰው መሪ ላይ፣ አንድ ሰው ዘይት መሙያ ላይ፣ አንድ ሰው አረፋውን አሻቅቦ ሳይሆን አጎንብሶ የሚያይ ያስፈልጋል። እኔ ዘይቱን ያዝኩ። አባቴ ዓይኑን ከዕቃው ላይ አልነቅልም አለ። የቀረችው እናቴ ናት።

እናቴ አርባ አምስት ዓመት የሾፌር ሚስት ሆና መሪ ነክታ አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ ገባችና ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። መሪውን ስትነካው አልዞር አላት።

«ተቆልፏል» አለ አባቴ። «ቁልፉን አስገብተሽ አንድ ጊዜ ብቻ አዙሪው፤ ሞተሩን ግን እንዳታስነሺው። ቁልፉስ የታለ?»

ወደ ምስማሩ ሄደ። ምስማሩ ባዶ ነው።

ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ከሪራ ስንመለስ አቁሜ ስወርድ ኪሴ ከትቼው ነበር፤ ረስቼው ነው ብላችሁ አትመኑኝ። አውጥቼ ስሰጠው አባቴ መዳፉ ላይ ይዞት ቆየ።

«ለዚህ ነበር የመጣኸው፤ አይደል?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እናትህ ስልክ ላይ ሹክ ስትል እኮ ግድግዳው ስስ ነው።»

ምን ይባላል? «አዎ» አልኩት። ሽማግሌው መካኒክ ከዘራቸውን ሲመረምሩ ቆዩ። አባቴ ቁልፉን በመስኮት ለእናቴ አቀበላት።

እናቴ ማዞር ጀመረች። መጀመሪያ ስትፈጥን ዘይቱ ቡልቅ ብሎ እጄ ላይ ፈሰሰ። «ሱታ! ሱታ!» አሉ ሽማግሌው። ቀስ በይ ማለታቸው ነው። እናቴ እንደ ሊጥ ማሸት ያዘችው፤ በዝግታ ወደ ግራ እስከ መጨረሻው፣ በዝግታ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ትቆጥራለች። አረፋ ብቅ ይላል፤ ፍንጥቅ ይላል፤ ዘይቱ ዝቅ ይላል፤ እጨምራለሁ። ዕቃው ባዶ ከሆነ ፓምፑ እንደገና አየር ስለሚውጥ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። አስራ ሁለት ላይ አረፋው ቀነሰ። ሃያ ሦስት ላይ ጠፋ። እናቴ ግን ሠላሳ ሳትሞላ አልወጣም አለች፤ ወንበሩ ሳይመቻት አልቀረም።

ከዚያ ክዳኑን ሳናጠብቅ ለአንድ ሰዓት ያህል ተውነው። ከሰዓቱ በኋላ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሆኖ አባቴ ገባ። አሁንም በዝግታ፣ ዳር ሲደርስ ሳይጫን ወዲያው እየመለሰ። መሪውን ዳር አድርሶ ይዞ መቆየት ፓምፑን ያቃጥለዋል፤ ጥቂት ሴኮንድ ካለፈ ይበቃል። የመጨረሻው ፈተና ደስ የሚል ነው። ሞተሩን ታጠፉና ዘይቱን ታያላችሁ። ግፊቱ ሲለቅ ዘይቱ በግልጽ ከፍ ካለ ታምቆ የነበረ አየር ውስጡ አለ ማለት ነው፤ ካለበት ካልተነቃነቀ አየሩ ወጥቷል። አራታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። የእኛ ትንሽ ከፍ አለ። ሽማግሌው «ነገ ይደገማል» አሉ። በማግስቱ ደገምነው። አልተነቃነቀም።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ታሪክ ሊሆን ብዙም አልቀረው። የኋለኞቹ ትንንሽ መኪኖች፣ እንደ ያሪስ ያሉት፣ መሪያቸውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ዘይት የላቸውም። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ መንገዱን የሚሞሉት ኤሌክትሪኮቹ ናቸው። የእነሱ መሪ ሲከብድ ሃይላንድና ከዘራ የያዘ ሽማግሌ የሚፈታው አይመስለኝም።

አባቴ ከግንዶቹ ላይ የወረደችውን ኮሮላ ግቢ ውስጥ አስነሳት። በግራ እጁ፣ በአንዲት ጣት፣ መሪውን ዳር እስከ ዳር አዞረው። «እዩት» አላለም። ብቻ አዞረው።

ለእህቴ ደወልኩ። መሪው እንጂ እጁ እንዳልነበረ ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ወንድሜ ግን ቶሎ አልተረታም። «መሪው ተሠራ እንጂ አባባ ሃምሳ ዓመቱ አልሆነም» አለ። ተናደድኩበት፤ በኋላ ሳስበው ግን እውነት አለው። አንድ ስህተት ፈርደናል ማለት ጥያቄው ስህተት ነበር ማለት አይደለም። ስለዚህ አባቴን ሐኪም ጋር ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ስለ እጁ ብዙም አልጠየቀችውም። ፊት ለፊት ዓይኗን እንዲያይ አድርጋ ጣቶቿን ከግራና ከቀኝ ዳር አነቃነቀች፤ በየትኛው በኩል እንደሆነ ንገረኝ አለችው። ከስትሮክ በኋላ ሰው ሳይታወቀው የአንድ ወገን ዕይታው ሊቀር ይችላል፤ ከዳር ብቅ የሚልን ልጅ ወይም በግ የማያይ ሰው እጁ ብረት ቢሆን አይረባውም። አንገቱን አስዞረችው፤ እግሩን ቶሎ አንስቶ እንዲጥል አደረገችው፤ ቁጥር እየቆጠረ ሌላ ነገር አሠራችው። ከእኛ ከሦስታችን አንዳችንም ይህን ለመጠየቅ አላሰብንም ነበር። እጅ እጁን ብቻ ስናይ ከርመናል።

ቀን ብቻ፣ አጭር መንገድ ብቻ፣ በየስድስት ወሩ ተመልሶ መታየት፤ ይህን ፈቀደችለት። ሳነቴን ከለከለችው። አባቴ ሳነቴን በመከልከሉ ሁለት ቀን አኩርፎ ነበር፤ ከዚያ «ለነገሩ ሪራ ማንም የለኝም አሁን» አለ።

ወደ አዲስ አበባ የምመለስ ዕለት ሮቤ መናኸሪያ ድረስ ያደረሰኝ እሱ ነው። ጥር ላይ እርሻው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ዓይኔን ከመንገዱ ላይ አልነቀልኩም፤ እሱም አይቶኛል። መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ባጃጆች መሐል አሽከርክሮ አቆማት። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ቦርሳዬን ሊያወርድልኝ በግራ እጁ ያዘ።

«ዘይቱ ትንሽ ቀንሷል መሰለኝ» አለ፤ «አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ ክዳኑን ከፈት አድርገን እንየው?»